የንግድ ሕንፃዎችን የኢነርጂ ፍጆታ የሚተምኑ የተቃለሉ ሞዴሎች፤ ምንነታቸውና አገማገማቸው

መግቢያ

አንድ የንግድ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት፣ ወይም ከተሠራ በኋላ እድሳት ሲታሰብለት፣ በዓመት ምን ያህል ኢነርጂ እንደሚፈጅ አስቀድሞ መተመን ያስፈልጋል። የማሞቂያው፣ የማቀዝቀዣው፣ የአየር ማናፈሻውና የትራንስፎርመሩ አቅም የሚወሰነው፣ ለየዓመቱ የመብራት ሒሳብ የሚያዘው በጀትም የሚሰላው በዚሁ ትመና ላይ ተመሥርቶ ነው። ትመናው የተሳሳተ እንደሆነ ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሲሚንቶ፣ መስተዋትና ማሽን ሆኖ ከሕንፃው ጋር ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ወጪውንም የሚሸከመው ትመናውን የሠራው ባለሙያ ሳይሆን በሕንፃው የሚገለገለው ሕዝብ ነው።

ትመናውን ለማካሄድ ሁለት ዓይነት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሕንፃውን እያንዳንዱን ክፍል፣ ግድግዳ፣ መስኮትና መሣሪያ ዘርዝሮ በዓመት ውስጥ ያሉትን 8,760 ሰዓታት አንድ በአንድ የሚያሰላ ዝርዝር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው በጥቂት ቁጥሮች ብቻ ተጠቅሞ በወረቀትና በእርሳስ፣ ቢበዛም በአንድ ሠንጠረዥ ሊሠራ የሚችል የተቃለለ ሞዴል ነው። ዝርዝሩ ፕሮግራም ብዙ መረጃ፣ የሠለጠነ ባለሙያና በቂ ጊዜ ይጠይቃል። እነዚህ በማይገኙበት ቦታ ሁሉ ሥራው የሚወድቀው በተቃለለው ሞዴል ላይ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «የተቃለለ ሞዴል ይሠራበት ወይስ አይሠራበት?» የሚለው ሳይሆን፣ «የትኛው የተቃለለ ሞዴል ለየትኛው ጥያቄ ይታመናል?» የሚለው ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች ግልጽ ማድረግ ነው። የንግድ ሕንፃ ሲባል መሥሪያ ቤቱን፣ ባንኩን፣ ሆቴሉን፣ ሱቁንና የገበያ ማዕከሉን ያጠቃልላል። በብዙ አገሮች የኢነርጂ ጥናት አመዳደብ ደግሞ ትምህርት ቤትም ከመኖሪያ ቤት ተለይቶ በዚሁ ክፍል ስለሚመደብ ጉዳዩ ከመምህራን የሥራ ቦታ የራቀ አይደለም።

1. የተቃለለ ሞዴል ምንነት

ሞዴል አንድን ነገር ለመረዳት ሲባል ከጠባዮቹ ጥቂቶቹን መርጦ የቀሩትን ወደ ጎን በመተው የሚዘጋጅ ምስል ነው። የሕንፃ የኢነርጂ ሞዴልም እንዲሁ ነው። የሞዴሉ ጥንካሬም ሆነ ድክመት ያለው በያዘው ነገር ላይ ብቻ ሳይሆን በተወው ነገር ላይም ጭምር ነው።

የተቃለሉ ሞዴሎች ሁሉ መሠረት አንድ ቀላል የፊዚክስ ሕግ ነው። ሙቀት ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል፤ የሚሄደውም መጠን በሁለቱ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ይህን ግንኙነት ስለ ነገሮች መቀዝቀዝ ባወጣው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1701 ያመለከተው አይዛክ ኒውተን ሲሆን፣ ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ የሚተላለፍበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1822 በታተመው መጽሐፉ በሒሳብ ያደራጀው ዮሴፍ ፉሪየር ነው። በዚህ መሠረት በአንድ ግድግዳ በኩል የሚወጣው ሙቀት የሚገኘው የግድግዳው ስፋት፣ የግድግዳው ሙቀት የማስተላለፍ ልክ እና የውስጡና የውጪው ሙቀት ልዩነት እርስ በርሳቸው ሲባዙ ነው። የግድግዳው፣ የጣሪያው፣ የመስኮቱና በአየር መለዋወጥ የሚወጣው ሙቀት በአንድነት ሲደመር የሕንፃው ጠቅላላ የሙቀት ብክነት ልክ ይገኛል። ይህም ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቁጥር ስንት ዋት ከሕንፃው እንደሚወጣ የሚያመለክት ቁጥር ነው።

2. የዲግሪ ቀን ዘዴ

ከዚህ ሕግ የተወለደውና ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የዲግሪ ቀን ዘዴ ነው። የዘዴው ሐሳብ በመጀመሪያ የታየው በሕንፃ ሥራ ሳይሆን በእርሻ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በብሪታንያ፣ ለሰብል ዕድገት የሚያስፈልገውን ሙቀት ለመለካት ከተወሰነ መነሻ በላይ ያለውን ሙቀት ቀን በቀን የመደመር ልማድ ተጀመረ። በኋላም በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ፣ ቤት ለማሞቅ የሚውለው ጋዝ የውጪው ሙቀት ከ65 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም ከ18.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዝቅ ባለው መጠን ልክ እንደሚጨምር ስለተስተዋለ ዘዴው ወደ ሕንፃ ገባ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ ቀን አማካይ ሙቀት 10 ዲግሪ ቢሆንና መነሻው 18.3 ቢሆን፣ ያ ቀን 8.3 የዲግሪ ቀን ተብሎ ይመዘገባል። የቀኑ አማካይ ሙቀት ከመነሻው በላይ ከሆነ ዜሮ ይመዘገባል። የዓመቱ ድምር በሕንፃው የሙቀት ብክነት ልክና በ24 ሰዓት ሲባዛ ዓመታዊው የማሞቂያ ፍላጎት ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ሰዎች በቤታቸው ውስጥ የሚፈልጉት ሙቀት 21 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሳለ መነሻው 18.3 የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ ምድጃው፣ መብራቱና በመስኮት የሚገባው ፀሐይ የጎደለውን ሦስት ዲግሪ ያህል ስለሚሞሉ ነው። ማሞቂያ ማስፈለግ የሚጀምርበት ይህ የውጪ ሙቀት የሚዛን ነጥብ ይባላል። በብሪታንያ የተለመደው መነሻ 15.5 ዲግሪ መሆኑም የሚያስረዳው ቁጥሩ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የአንድ አገር ቤቶችና የአንድ አገር አኗኗር ውጤት መሆኑን ነው።

3. የንግድ ሕንፃ ልዩ ጠባይ

የዲግሪ ቀን ዘዴ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን አገልግሎት ለንግድ ሕንፃ የማይሰጠው ለምንድን ነው? ምክንያቱን በሁለት ምሳሌዎች ማሳየት ይቻላል።

የሙቀት ብክነት ልኩ በዲግሪ 200 ዋት የሆነ አንድ መኖሪያ ቤት እንውሰድ። ከሰዎች፣ ከመብራትና ከፀሐይ በአማካይ 600 ዋት ሙቀት ያገኛል እንበል። 600 ለ200 ሲካፈል 3 ዲግሪ ይሆናል። በውስጥ የሚፈለገው 21 ዲግሪ ከሆነ የቤቱ የሚዛን ነጥብ 18 ዲግሪ ነው። ይህም ከተለመደው መነሻ ጋር ይቀራረባል።

አሁን ደግሞ የብክነት ልኩ በዲግሪ 1,000 ዋት የሆነ የአንድ መሥሪያ ቤት ፎቅ እንውሰድ። በሥራ ሰዓት 40 ሠራተኞች ይቀመጡበታል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው የአካባቢውን አየር የሚያሞቅ 75 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ ከሰዎቹ ብቻ 3,000 ዋት ይገኛል። መብራቱና ኮምፒዩተሮቹ 4,000 ዋት፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ 3,000 ዋት ቢሆን፣ ጠቅላላው 10,000 ዋት ይሆናል። ይህ ለ1,000 ሲካፈል 10 ዲግሪ ስለሚሰጥ የፎቁ የሚዛን ነጥብ 11 ዲግሪ ነው ማለት ነው። የውጪው ሙቀት ከ11 ዲግሪ በላይ በሆነ ሰዓት ሁሉ ፎቁ ማሞቂያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የተትረፈረፈውን ሙቀት ማስወጣት ነው።

እንግዲህ የመኖሪያ ቤት ፍጆታ በአብዛኛው በውጪው አየር የሚመራ ሲሆን፣ የንግድ ሕንፃ ፍጆታ ግን በአመዛኙ በውስጡ በሚካሄደው ሥራ ይመራል። በተጨማሪም የንግድ ሕንፃ ቀን ተከፍቶ ሌሊት ይዘጋል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ይራቆታል፣ በበዓል ዋዜማ ደግሞ ገበያተኛ ያጥለቀልቀዋል። ለቀኑ ሁሉ አንድ አማካይ ቁጥር የሚይዝ ሞዴል ይህን ሁሉ አያይም።

4. ሞዴሉ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ

ከአንድ የአየር ጠባይ የተወሰደ ሞዴል ሳይመረመር ወደ ሌላ ሲዛወር የሚያስከትለውን ጉዳት አዲስ አበባ ጉልህ አድርጋ ታሳያለች። የከተማዋ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን አማካይ ብቻ ይዘን በ18.3 መነሻ ብናሰላ የየቀኑ ጉድለት 2.3 ዲግሪ፣ የዓመቱ ደግሞ ወደ 840 የዲግሪ ቀን ይሆናል። ከላይ ለተጠቀሰው የመሥሪያ ቤት ፎቅ ይህ ሲባዛ በዓመት 20,160 ኪሎዋት ሰዓት የማሞቂያ ፍላጎት ያሳያል። በዚህ ቁጥር የሚመራ የፕላን ባለሙያ ለፎቁ የማሞቂያ መሣሪያ ያስገዛል።

በእውነቱ ግን የውጪው ሙቀት 20 ዲግሪ በሆነበት የከሰዓት ጊዜ ያው ፎቅ ከሚዛን ነጥቡ በ9 ዲግሪ ስለሚበልጥ ውስጡን በ21 ዲግሪ ለማቆየት 9,000 ዋት ሙቀት መውጣት አለበት። ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ በመስተዋት የተሸፈነ ፎቅ ከሆነ ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚመጣው የከሰዓት ፀሐይ ትርፉን የበለጠ ያበዛዋል። ስለዚህ ሞዴሉ የተሳሳተው በመጠን ብቻ አይደለም፤ ችግሩን ራሱን ገልብጦታል። መቀዝቀዝ የሚፈልገውን ሕንፃ መሞቅ የሚፈልግ አስመስሎታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፍታን ይመለከታል። በብዙ የተቃለሉ ሞዴሎች ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 0.33 ዋት ሰዓት እንደሚይዝ ተደርጎ ይሰላል። ይህ ቁጥር ትክክል የሚሆነው በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ ቁጥሩም 0.25 ገደማ ይሆናል። የፎቁን ሠራተኞች 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ለማቆየት፣ ውጪው 20 ዲግሪ ሲሆን፣ 10,000ው ዋት በ5 ዲግሪ ልዩነት መውጣት አለበት። ይህም በዲግሪ 2,000 ዋት የማስወጣት ችሎታ ይጠይቃል። ግማሹን ግድግዳውና የተለመደው የአየር ልውውጥ ከሸፈኑት ቀሪውን 1,000 ዋት ተጨማሪ አየር ያወጣዋል። በባሕር ጠለሉ ቁጥር ሲሰላ በሰዓት 3,000 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል፤ በአዲስ አበባው ቁጥር ሲሰላ ግን 4,000 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ማናፈሻው በመጀመሪያው ስሌት ቢገዛ ከሚፈለገው በአንድ አራተኛ ያንሳል፤ ሠራተኛውም በየከሰዓቱ ይታፈናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የተቃለለ ሞዴል መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ፎቁ መቀዝቀዝ እንጂ መሞቅ እንደማያሻው ያሳየውም እጅግ ቀላል የሆነ የማካፈል ስሌት ነው። ጥፋቱ ያለው በቅለቱ ሳይሆን በውስጡ የታቀፉት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ሳይጠየቅ መሠራቱ ላይ ነው።

5. ሦስቱ የግምገማ መንገዶች

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ካሻቀበ በኋላ የሕንፃ የኢነርጂ ፕሮግራሞች በብዛት መዘጋጀት ጀመሩ። በአሜሪካ በ1970ዎቹ ብላስትና ዲ.ኦ.ኢ.-2 የተባሉት ፕሮግራሞች ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የሁለቱን ልምድ ያዋሐደው ኢነርጂፕላስ ለአገልግሎት ቀረበ። ፕሮግራሞቹ ሲበዙ ለአንድ ሕንፃ የተለያየ መልስ መስጠታቸው ስለታየ የመገምገሚያ ሥርዓት አስፈለገ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የፀሐይ ኢነርጂ ምርምር ተቋም የተሠራው ሥራ ግምገማውን በሦስት መንገዶች ከፍሎ አስቀመጠው።

የመጀመሪያው መንገድ ሞዴሉን በሒሳብ ሙሉ በሙሉ ሊፈታ ከሚችል ቀላል ጉዳይ ጋር ማነጻጸር ነው። ትክክለኛው መልስ ስለሚታወቅ ስሕተት ሊደበቅ አይችልም። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ጉዳዮች ጥቂትና ከእውነተኛ ሕንፃ የራቁ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ የአንዱን ሞዴል መልስ ከሌሎች ሞዴሎች መልስ ጋር ማነጻጸር ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድነት ከተሳሳቱ ስምምነታቸው እውነት አይሆንም።

ሦስተኛው መንገድ ሞዴሉን በእውነተኛ ሕንፃ ላይ ከተወሰደ ልኬት ጋር ማነጻጸር ነው። እውነትን የሚያቀርበው ይህ ሲሆን ውድና አድካሚ ነው። የመለኪያው ስሕተትና የነዋሪው ልማድም ከሞዴሉ ስሕተት ጋር ስለሚቀላቀሉ መለየቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሦስቱ መንገዶች አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ አብረው መሠራት አለባቸው።

ለሁለተኛው መንገድ የታወቀው ምሳሌ በዓለም አቀፉ የኢነርጂ ድርጅት ሥር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ቤስቴስት ነው። የፈተናው መነሻ ርዝመቷ 8 ሜትር፣ ወርዷ 6 ሜትር፣ ከፍታዋ 2.7 ሜትር የሆነች፣ ወደ ደቡብ 12 ሜትር ካሬ መስኮት ያላት ባዶ ክፍል ናት። የአየር ጠባዩ በአሜሪካ የሚገኘው የዴንቨር ከተማ ነው። ለዚህች ቀላል ክፍል እንኳ የታወቁት ዝርዝር ፕሮግራሞች የሰጡት ዓመታዊ የማሞቂያ ፍላጎት ከ4.3 እስከ 5.7 ሜጋዋት ሰዓት ይደርስ ነበር። እንግዲህ አንድ የተቃለለ ሞዴል ከዝርዝሩ ፕሮግራም በጥቂት በመቶ ቢለይ ወዲያው ሊወገዝ አይገባም፤ ዝርዝሮቹም እርስ በርሳቸው ይለያያሉና።

በዚሁ ፈተና ውስጥ ሌላም ነገር ታይቷል። የክፍሏ ቀላል ግድግዳና ወለል ሙቀት የማስተላለፍ ልኩ ተቀራራቢ በሆነ ከባድ ግንብ ሲተካ የማሞቂያው ፍላጎት ወደ 1.2 እና 2.0 ሜጋዋት ሰዓት መካከል ወረደ። ከባዱ ግንብ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ለሌሊቱ ስለሚያቆየው ነው። የሙቀት ብክነት ልክን ብቻ የሚያይ የተቃለለ ሞዴል ግን ሁለቱን ክፍሎች አንድ ናቸው ይላል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው የኢትዮጵያ ደጋ አካባቢዎች የድንጋይ ግንብና የቆርቆሮ ቤት ልዩነት ለነዋሪው ግልጽ እንደመሆኑ፣ ይህን የማያይ ሞዴል ለዚህ ጥያቄ ብቁ አይደለም። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 13790 የተባለው መስፈርትና እ.ኤ.አ. በ2017 የተተካበት አይ.ኤስ.ኦ. 52016-1 ሕንፃው ሙቀት የመያዝ ችሎታውን በስሌታቸው ውስጥ የሚያስገቡት።

6. ስሕተትን የመለኪያ ዘዴ

ሞዴሉ ከልኬት ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ በሁለት ቁጥሮች ቢገለጽ ይመረጣል። አንድ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ለማስተማሪያ የተዘጋጀውን የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት፤ ቁጥሮቹ በሺህ ኪሎዋት ሰዓት የስድስት ወራት ፍጆታ ናቸው።

የተለካው፦ 10፣ 12፣ 14፣ 12፣ 10፣ 14
ሞዴሉ የተመነው፦ 14፣ 12፣ 10፣ 12፣ 14፣ 10

የሁለቱም ድምር 72 ነው። አማካይ ስሕተቱ ዜሮ ስለሆነ ሞዴሉ ፍጹም ይመስላል። ነገር ግን ፍጆታው ከፍ ባለበት ወር ዝቅ፣ ዝቅ ባለበት ወር ከፍ እያደረገ ነው የተመነው። ይህን የሚያጋልጠው ሁለተኛው መለኪያ ነው። የየወሩ ስሕተት በራሱ ይባዛል፤ 16፣ 0፣ 16፣ 0፣ 16፣ 16 ይሆናል። ድምሩ 64 ለ6 ተካፍሎ የአማካዩ ስኩዌር ሩት ሲወጣ 3.27 ይገኛል። ይህ ለወራቱ አማካይ ፍጆታ ለ12 ሲካፈል 27 በመቶ ያህል ይሆናል።

የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭር ስሙ አሽሬ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ 14፣ ከተለካ ፍጆታ ጋር እንዲስማሙ ለተስተካከሉ ሞዴሎች ወሰን አስቀምጧል። በወርኃዊ መረጃ የመጀመሪያው መለኪያ ከ5 በመቶ፣ ሁለተኛው ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በየሰዓቱ መረጃ ደግሞ የመጀመሪያው ከ10፣ ሁለተኛው ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። በመመሪያው ቀመር ላይ ጥቂት ማስተካከያ ያለ ቢሆንም ሐሳቡ ከላይ የታየው ነው። በዚህ ሚዛን ምሳሌያችን የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ በሁለተኛው ይወድቃል።

ለዓመታዊ በጀት ብቻ ለሚጨነቅ ሰው የመጀመሪያው መለኪያ ይበቃው ይሆናል። የትራንስፎርመሩን አቅም ለሚወስን ግን አይበቃውም። እርሱን የሚያሳስበው የዓመቱ ድምር ሳይሆን ከፍተኛው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከመለኪያው በፊት ውሳኔው መታወቅ አለበት።

7. ሞዴሉ ባላየው መረጃ መፈተን

አንድን ሞዴል ከአንድ ሕንፃ ፍጆታ ጋር እንዲስማማ ማድረግ ቀላል ነው፤ ቁጥሮቹን እየነካኩ ማስማማት ይቻላልና። ተማሪ የፈተናውን መልስ አስቀድሞ አይቶ ቢጽፍ ዕውቀቱ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ በተሠራበት መረጃ የተፈተነ ሞዴልም ብቃቱ አይታወቅም።

ይህን መርሕ አሽሬ እ.ኤ.አ. በ1993 ባካሄደው ታላቅ የኢነርጂ ትንበያ ውድድር ላይ በግልጽ ተግብሮታል። ውድድሩን ያዘጋጁት ጃን ክራይደርና ጄፍ ሃበርል ነበሩ። ለተወዳዳሪዎች በቴክሳስ ከሚገኝ አንድ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ የተለካ የየሰዓቱ ፍጆታና የአየር ጠባይ ተሰጣቸው፤ ቀጥሎ የመጣው ጊዜ ፍጆታ ግን ተደበቀባቸው። አሸናፊው የሚታወቀው በተደበቀው መረጃ ነበር። አንደኛ የወጣው የካምብሪጁ የፊዚክስ ምሁር ዴቪድ ማኬይ ሲሆን፣ ዘዴው ከቀረቡለት መረጃዎች ውስጥ የትኞቹ ክብደት እንዳላቸው ራሱ ስሌቱ እንዲለይ የሚያደርግ ነበር።

ከዚህ እጅግ የሚቀልና ለወርኃዊ የቆጣሪ ንባብ የሚስማማ ዘዴም አለ። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1986 በማርጋሬት ፌልስ አማካይነት በዝርዝር የቀረበው ፕሪዝም የተባለው ዘዴ ሦስት ቁጥሮችን ብቻ ከፍጆታው መዝገብ ያወጣል። እነርሱም ከአየር ጠባይ ጋር የማይለዋወጠው መደበኛ ፍጆታ፣ የሚዛን ነጥቡና ከሚዛን ነጥቡ በታች በየዲግሪው የሚጨምረው ፍጆታ ናቸው። እዚህ ላይ የሚዛን ነጥቡ ከሌላ አገር ተወስዶ የሚሰጥ ቁጥር ሳይሆን ከሕንፃው የራሱ መዝገብ የሚገኝ ነው። የዘዴው ዋና ጥቅም ይህ ነው።

8. ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች

ይህ ጉዳይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብን፣ ፊዚክስንና ጂኦግራፊን ለማገናኘት ምቹ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት፣ ወይም ፈቃደኛ የሆነ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ወይም ሆቴል የሁለት ዓመት የቆጣሪ ንባብ ካለ ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊካሄድ ይችላል።

ሀ) የዘመን አቆጣጠሩን ማስማማት። ቆጣሪው በኢትዮጵያ ወር ተነቦ የአየር ጠባዩ መዝገብ በአውሮፓ ወር ከተያዘ ሁለቱ ወራት በቀናት ስለሚዛነፉ ሳይስተካከሉ መነጻጸር የለባቸውም። የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ወደ የትኛው ንባብ እንደገቡም መታወቅ አለበት። ፍጆታው በቀን አማካይ ቢገለጽ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል።

ለ) መዝገቡን መመርመር። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር የሠራበት ወር በቆጣሪው ላይ ዝቅተኛ ሆኖ ይታያል፤ ሕንፃው ግን ኢነርጂ መጠቀሙን አላቆመም። አንድ ሊትር ናፍጣ በጀነሬተር 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥ የናፍጣው መዝገብ ከተገኘ ጉድለቱን መሙላት ይቻላል። የክረምት ዕረፍትና የበዓላት ቀናትም ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል።

ሐ) በመጀመሪያው ዓመት መረጃ ሞዴሉን መሥራት። ተማሪዎች የወሩን አማካይ ሙቀት በአግድሙ፣ የቀኑን አማካይ ፍጆታ በቁሙ አድርገው ነጥቦቹን በግራፍ ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ፤ መስመሩንም ያሰምራሉ።

መ) በሁለተኛው ዓመት መረጃ ሞዴሉን መፈተን። ሁለቱ የስሕተት መለኪያዎች ይሰላሉ። ከዚያም ትመናው «ዘንድሮም እንደ አምናው ወር ይሆናል» ከሚለው ተራ ግምት ጋር ይነጻጸራል። ይህን ግምት ማሸነፍ ያልቻለ ሞዴል ሒሳቡ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ሊሠራበት አይገባም።

ሠ) የተገኘውን ስሕተት ምክንያት ወደ ሕንፃው ሄዶ መጠየቅ። የጥበቃ ሠራተኛውና የጥገና ባለሙያው ሞዴሉ የማያውቀውን ያውቃሉ።

መምህሩ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማሞቂያም ማቀዝቀዣም በሌለው የደጋ ትምህርት ቤት መስመሩ ከአግድሙ ጋር ትይዩ ሊሆን ይችላል፤ ፍጆታውን የሚለዋውጠው ሙቀቱ ሳይሆን ሕንፃው የተከፈተበት ሰዓት ነውና። ይህ የከሸፈ ሙከራ አይደለም፤ ሙቀት ለዚያ ሕንፃ ትክክለኛው መነሻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ውጤት ነው። እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት ከተሞች ማቀዝቀዣ ባለው ሕንፃ ላይ ግን መስመሩ ከሙቀቱ ጋር ሊወጣ ይችላል። የሁለት አካባቢ ተማሪዎች ውጤታቸውን ቢለዋወጡ አንድ ሞዴል ለሁሉም አገር እንደማይሆን ከራሳቸው ወረቀት ይማራሉ።

የፕላን ባለሙያውም ማናቸውም የኢነርጂ ትመና ሲቀርብለት አራት ጥያቄዎችን ማንሳት ይኖርበታል። ሞዴሉ ለየትኛው ውሳኔ ተዘጋጀ? በውስጡ ያሉት ቋሚ ቁጥሮች ከየትኛው አገርና ከየትኛው ከፍታ ተወሰዱ? ምን ምን ነገሮችን ትቷል? ባላየውስ መረጃ ተፈትኗልን? መልስ ያልተገኘለት ትመና ለግዥ መሠረት ሊሆን አይገባም።

ማጠቃለያ

የተቃለለ ሞዴል የዝርዝሩ ፕሮግራም ደካማ ምትክ ተደርጎ መታየት የለበትም። በሚገባ ከተመረጠ የሕንፃውን ዋና ጠባይ በጥቂት መስመር ያሳያል፤ አሠራሩ ስለማይደበቅም መምህሩም ተማሪውም የበጀት ሹሙም ሊመረምሩት ይችላሉ። ሳይገመገም ከሌላ አገር ሲወሰድ ግን፣ በአዲስ አበባው ፎቅ እንደታየው፣ ቅዝቃዜ ለሚያሻው ሕንፃ ማሞቂያ ሊያስገዛ ይችላል። የሞዴሉን ወሰን ለይቶ ማወቅ ሞዴሉን የመጠቀም ዕውቀት አንድ አካል ነው። ይህም ልማድ በመሐንዲሱ ቢሮ ከመጠበቁ በፊት በትምህርት ቤቱ የግራፍ ወረቀት ላይ ቢጀመር፣ ነገ ለሚሠሩት ሕንፃዎች ትመና ለሚያቀርበውም ሆነ ትመናውን ተቀብሎ ለሚወስነው ጠቃሚ መሠረት ይሆናል።